የሸህ ጀውሃር ጥጥና የእንድሪስ ንቦች

ከወንዙ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ጥጥ በሚዘራባት፣ ስሟን ዛሬ ብዙ ሰው በማያስታውሳት አንዲት የቆላ ከተማ ሸህ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ጠዋት ደረሳ ተማሪዎቻቸውን ኪታብ ያቀራሉ፤ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ወደ ማሳቸው ይወርዳሉ።

ሦስት ዓመት በተከታታይ የሳቸው ጥጥ ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ በለጠ። ሰዉም «የሸኻችን ዱዓ ነው» አለ። የዘር ወቅት ሲደርስ ገበሬው ዘሩን በቁና ይዞ ደጃቸው ይሰለፍ ጀመር። እሳቸውም ዱዓ ያደርጉለታል። ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ውዳሴው ነፍሳቸውን ደስ ያሰኛት ነበር።

ከማሳቸው አጠገብ እንድሪስ የሚባል ድሃ ንብ አንቢ ነበር። ቀፎዎቹን የሰቀለው በድንበራቸው ላይ ካሉት ግራሮች ላይ ነው። በአራተኛው ዓመት ጥጡ ማበብ ሲጀምር ንቦቹ አራሚዎችን ነደፉ፤ አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ ሳምንት ተኛች። ሐጂ በሽር የሚባሉ ባለጸጋ የተቆጡትን ገበሬዎች አስከትለው ሸሁ ዘንድ መጡ።

«ሸኻችን፣ ቀፎው ይበልጥ የሚያስቸግረው እርስዎን ነው። ይነሳ ይበሉንና ዛሬውኑ እናቃጥለው» አሉ።

እንድሪስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ሌላ መተዳደሪያ የለኝም» አለ።

ሸሁ ሁለቱንም ወገን አዩና «ሳላይ አልፈርድም። ፍሬው እስኪደርስ ታገሡ፣ ሰብር አድርጉ» አሉ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ማሳው ውስጥ ተቀመጡ። አበባው ሲከፈት ንቦቹ መጡ። አንዷ ገብታ፣ ሰውነቷ በቢጫ ብናኝ ተለውሶ ወጣችና ወደሚቀጥለው አበባ ገባች። ሸሁ ይህን ሲያዩ ከአሮጌ ጥምጣማቸው ስስ ጨርቅ ቀደዱ። ገና ያልተከፈቱ ሃያ ያህል እንቡጦችን ንብ እንዳይገባባቸው ሸፈኑ፤ ከጎናቸው ያሉትን ሃያ ደግሞ ክር ብቻ አስረው ተዉአቸው። አበባው ሲረግፍ ጨርቁን ፈቱ።

ፍሬው ሲደርስ፣ ተሸፍነው ከነበሩት ብዙዎቹ ወድቀው ቀሩ፤ የቀሩትም ትንንሽና ዘራቸው ጥቂት ነበር። ክር የታሰረባቸው ግን ሙሉ ነበሩ። ሸሁ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ወደ ቀፎዎቹ በቀረቡ ቁጥር ፍሬው ይከብዳል፤ ሲርቁ እንደማንኛውም ሰው ጥጥ ይሆናል።

ያዩትን በመጀመሪያ ለሐጂ በሽር ነገሩ። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ቀፎው ይቆይ። ይህ ግን በኔና በእርስዎ መካከል ይቅር። ሰው በዱዓዎ ላይ ያለው እምነት ቢላላስ?»

«በኔ ላይ ያለው ይላላ፣ ሐጂ። እኔ የምፈራው በአላህ ላይ ያለው እንዳይላላ ነው።»

ጁሙዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ሸሁ ሁለቱን ዓይነት ፍሬ ይዘው ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ሦስት ዓመት ባልሠራሁት ስታመሰግኑኝ ዝም ብያለሁ፤ ዐፉ በሉኝ። ዱዓ ለናንተም ለኔም እኩል አድርጌያለሁ። ይህ ትንሹ ንብ እንዳይገባበት የሸፈንኩት፣ ይህ ሙሉው ንብ የገባበት ፍሬ ነው። የኔን ማሳ ያበለጡት የእንድሪስ ንቦች ናቸው። አላህ ሰበብ ያደረገው እነሱን ነው። እኛ ግን ሰውየውን ልናባርረው ነበር።»

የታመመችው ሴት ባል ተነሳና «መነደፉስ?» ሲል ጠየቀ።

«ንቦቹ አበባው ላይ የሚውሉት ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። አረሙን አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ እናድርገው። እኔም አብሬያችሁ አርማለሁ።»

እንድሪስ ከኋለኛው የሰጋጆች ሰፍ ተቀምጦ በኩታው ፊቱን ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ስምንት ገበሬዎች በየድንበራቸው ቀፎ እንዲሰቅልላቸው ለመኑት፤ ቀድመው የመጡት ሐጂ በሽር ናቸው።

የሸሁ ደጅ ግን ጭር አለ። ባለቤታቸው ዘሐራ «ሰው ቀረብን፤ አልከፋዎትም?» ስትላቸው እንዲህ አሉ፦

«በሌላው ድካም ተከብሬ አላህ ፊት ከምቆም፣ ሳልከበር ብቆም ይቀለኛል።»

ሸህ ጀውሃር በነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም ውሸት አልተናገሩም። ያወራው ሰዉ ነው፤ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። የሰውን ሐቅ መብላት ሲባል እጃችንን እንመለከታለን። እኚህ አዛውንት ግን ዝም በማለትም ሐቅ እንደሚበላ ተረድተው፣ የበሉትን በሰው ፊት መለሱ። በየሥራችን ስሙን ያልጠራንለት አንድ እንድሪስ አይጠፋምና፣ አላህ በሕይወት ሳለን ስሙን የምንጠራበትን ድፍረት ይስጠን።