በትኩሳት የተጠራ ስም

በአንድ ወቅት፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቡዳ ይባል በነበረበት አገር፣ ትርንጎ የምትባል የባላባት ልጅ ነበረች። አባቷ ፊታውራሪ አምዴ ለልጅ አንዳርጌ አጭተዋታል። አንዳርጌም የባላባት ልጅ ነው፤ መሬቱ ከመሬታቸው ይዋሰናል። እንዲያውም አስቀድመው የተጫጩት መሬቶቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነበር።

የሠርጉን ልብስ የሚሠራው ጥላዬ የሚባል ሸማኔ ነው። ትርንጎ ጥጡን ራሷ እየፈተለች ልቃቂቱን ታደርስለታለች። መጀመሪያ የሄደች ቀን ጥላዬ እግሩን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሰደደ፣ ቀና ሳይል ክሩን በጣቶቹ መሃል አሳለፈና፣

«እሜቴ፣ ይህ ክር አንዳንድ ቦታ ወፍሯል» አላት።

«ለባላባት ልጅ ነው እንዲህ የምትናገረው?»

«የተናገርኩት ለክሩ ነው፣ እሜቴ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሆን ብላ እያወፈረች ትፈትል ጀመር፤ እሱም የወፈረውን እየለየ ይመልስላት ጀመር። በመካከላቸው ከዚህ ያለፈ ነገር አልነበረም። ለመሞት ግን ይበቃል። ባላባትና ሸማኔ አንድ ጥጥ ይለብሳሉ፤ አንድ ማዕድ ግን አይቀርቡም።

ሠርጉ ሲቃረብ ትርንጎን ትኩሳት ጣላት። እህል አልቀምስ አለች። ቤተሰቡ ቡዳ በልቷታል አለ። በዚያ አገር ቡዳ የበላው ሰው በጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ሲያፍነው ይለፈልፋል፤ ሲለፈልፍ የጠራው ስም የበላው ሰው ስም ነው። ለዚህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ሞግዚቷ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ያደረባትን መንፈስ፣

«ተናገር! ማን ነው የበላት?» ስትል፣ ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«ጥላዬ» አለች። «ጥላዬ፣ ክሩን አትቁረጠው።»

 ከየጥጉ ዱላ ሲነሳ ተሰማ።

ጥላዬን እየጎተቱ ወደ ፊታውራሪ ግቢ አመጡት።  ፊታውራሪ ጠመንጃቸውን ይዘው ወጡና «በላሃት ወይስ አልበላሃትም?» አሉት። አልበላሁም ቢል፣ ታዲያ ስምህን ልጄ ከየት አመጣችው የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ የዚያ መልስ ደግሞ የሚገድለው እሱን ብቻ አይደለም። በላሁ ቢል እሱ ይደበደባል፤ ዘመዶቹም ሁሉ የቡዳ ዘር ተብለው ከቀዬው ይነቀላሉ። እናቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታየዋለች። አያት።

«እኔ ነኝ የበላኋት» አለ።

እናቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አንዳርጌ እጮኛውን ሊጠይቅ መጥቶ ከደጃፉ ተቀምጦ ነበር። ትርንጎ የጥላዬን ስም ስትጠራ ሰምቷል። የተበላ ሰው እንዲህ አይጠራም። እሱን ራሱን በዚያ ድምፅ ጠርታው አታውቅም። ዱላው ሲወረወር መሃል ገብቶ የጥላዬን ነጠላ ጫፍ ያዘና ከገዛ ኩታው ጋር ቋጠረው።

«ቁራኛዬ ነው» አለ። «የበላብኝ እጮኛዬን ነው፤ ከሳሹ እኔ ነኝ።»

ዱላዎቹ ወረዱ። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ከተቆራኙ፣ ወይ ዳኛው ሳይፈርድ ወይ ከሳሹ ክሱን ሳይተው ማንም አይነካቸውም፤ የነካቸው ንጉሡን እንደ ነካ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ዳኛው ወደሚያስችሉበት ዛፍ ሄዱ። ፊታውራሪና ሰዎቻቸው ከኋላ ይከተላሉ።

«ተጠግተህ ሂድ» አለ አንዳርጌ በለሆሳስ። «ቋጠሮው ከተፈታ አለቀልህ። እኔም የማደርገው የለኝ።»

«አይፈታም፣ ጌታዬ። ኩታውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የሠርጌ ነበር፤ ላሳያት ነው የለበስኩት።»

አንዳርጌ ይህን ያደረገው ለምን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። አንዳንዱ ርኅራኄ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ባላንጣውን በእጁ ሊያኖረው ነው ይላል። እኔ ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሲያድሩ አይቻለሁ።

ትርንጎ ስትነቃ ሞግዚቷ ደስ ብሏት አጎነበሰችባት።

«እሰይ ልጄ፣ ስሙን አወጣሽው። አምኗል።»

«ምን አምኗል?»

«መብላቱን ነዋ። ከዳኛው ዘንድ ወስደውታል።»

ትርንጎ ምላሷ የሠራውን ያን ጊዜ አወቀች። ዝም ብትል ከበሽታዋ ዳነች ይባላል፤ ስሟ ንጹሕ ሆኖ በክብር ትዳራለች። ጥላዬ የገዛላት ይህንን ነው። ተነሣች። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች፤ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ከዛፉ ሥር ደረሰች።

«አልበላኝም» አለች ለዳኛው። «የጠራሁት ወድጄው ነው።»

 ፊታውራሪ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ።

«እሜቴ፣ ምን አደረግሽ?» አለ ጥላዬ። «ሁሉንም እኮ ጨርሼው ነበር።»

«ለክር ዋሽተህ አታውቅም። ስለ እኔ ለምን ትዋሻለህ?»

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸውም የሚያርሱት የፊታውራሪን መሬት ነው። ልጅቷንም ጠመንጃውንም ላለማየት ወደ አንዳርጌ ዞሩ።

«ከሳሽ አንተ ነህ። የምትከሰው በምንድን ነው?»

አንዳርጌ በቡዳነት እከሰዋለሁ ቢል፣ ትርንጎ በትኩሳት ቀባዠረች ተብሎ ስሟ ይተርፋል፤ እሱም ያገባታል። ጥላዬ ግን በውሸት ይፈረድበታል፤ እናቱም አገር ታጣለች። እጮኛዬን ወደደብኝ ብሎ ቢከስ፣ የቡዳነቱ ነገር ይቀራል፤ የትርንጎ ውርደት ግን በአደባባይ ይጸናል፤ አባቷም በእሷ ላይ እንደ ፈቃዳቸው ናቸው። ክሴን ትቻለሁ ቢል ቋጠሮው ይፈታል። ፊታውራሪ የሚጠብቁት ያንን ብቻ ነው።

አንዳርጌ እጁን ቋጠሮው ላይ አደረገ። ትርንጎን አያት። እሷ የምታየው እጁን ነበር።

እንግዲህ እናንተ የምትሰሙ ፍረዱ። አንዱ ለእሷ ስም ሲል እናቱን አሳልፎ ሰጠ። አንዱ የሠርግ ልብሱን እጮኛው ከወደደችው ሰው ጋር ቋጠረ። እሷ ለእውነት ስትል ሁለቱም ያደረጉላትን አፈረሰች። ዳኛው መልስ ይጠብቃሉ፤ ጠመንጃው እንደ ተቀባበለ ነው። አንዳርጌ ምን ብሎ ይመልስ? ትርንጎስ የምትገባው ለማን ነው? ወይስ ከሁለቱ ለእሷ የሚገባት አለ?