ምቀኛ እንዳልባል

አንዲት ሴት ነበረች። ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ ሳሙና፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሻማ ትሸጣለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል። ደብሪቱ እንበላት።

ደብሪቱ ሰው አታምንም። ዕንቁላል ስትገዛ አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ እያደረገች ትነቀንቃለች። ብር ስትቀበል ወደ ብርሃን ታነሳዋለች፣ የሰጣት ቄስም ቢሆን። ትስቃላችሁ? ቅቤ የምታመጣላት ሴትዮ፣ «እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎ እኮ መልአክ ቢመጣም መታወቂያ ይጠይቃሉ» ብላታለች አሉ። ተጠራጣሪ ናት። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ በዚህ ዘመን መጠራጠር ኃጢአት አይደለም። የደብሪቱ ኃጢአት ሌላ ነው፤ እንደርስበታለን።

ጎረቤት ነበረቻት፣ ጥሩወርቅ የምትባል። አንዷ ስትታመም ሌላዋ አጥሚት ይዛ የምትገባ፣ አንድ እድር ያሉ፣ ጥሩወርቅ የደብሪቱን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳች። ጥሩወርቅ ደግሞ ሰው ታምናለች። ባሏ ሲሞት የተወላት ሁለት ክፍል ቤትና ጠባብ ግቢ አላት። ሌላ ምንም የላትም። ይህን ያዙልኝ፣ ሌላ ምንም የላትም።

አንድ ቀን ጥሩወርቅ ፎቅ የተሳለበት ወረቀት ይዛ ወደ ሱቁ መጣች።

«እስቲ እይው፣ ባለ ሦስት መኝታ ነው። ሊፍት አለው። በሁለት ዓመት ያልቃል። ልጄም ከኪራይ ቤት ወጥታ አብራኝ ትኖራለች» አለች።

«ማን ነው የሚሠራው?»

«ኢንጂነር ልዑልሰገድ ናቸዋ። ቴሌቪዥን ላይ አላየሻቸውም?»

«ቴሌቪዥን ላይ ሳሙናም ያሳያሉ» አለች ደብሪቱ። «ዘይት ከሸሚዝ ላይ ያስለቅቃል ይላሉ። እኔው ነኝ የምሸጠው፣ አያስለቅቅም።»

ጥሩወርቅ ሳቀች። ስቃም አልተወቻትም፣ ለምና ለምና አብራት ቦታውን ለማየት እንድትሄድ አደረገቻት። የኢንጂነሩ ድርጅት እሁድ ደግሶ ነበርና።

ድግሱን ልንገራችሁ? ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ከከተማ ወጣ። ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። በሬ ወድቋል። ቁርጡ በየጠረጴዛው፣ ሙዚቃው ሞቅ ብሎ። ካህንም ተጠርቶ ነበር። አዎ፣ ከእኛው ወገን። መሠረቱን ባርኮ፣ በልቶ፣ ተሸኝቶ መጣ። መሬቱ የማን እንደሆነ ጠየቀ? መጠየቁን የነገረኝ የለም። መስቀል ያየ ሰው ደግሞ ካርታ አሳዩኝ አይልም፤ ይህን ባለ ድግሱ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ደብሪቱ ትበላለች፣ ዓይኗ ግን አያርፍም። እጅ ልትታጠብ ብላ ከድንኳኑ ጀርባ ዞር ስትል ምን ታያለች? የጤፍ ማሳ። ታጭዷል እንጂ ማሳ ነው። እርጥብ እበት አለ፣ የአሸዋ ክምር አለ፣ አንድ ቢጫ ኤክስካቫተር ቆሟል። የተቆፈረ ጉድጓድ ግን የለም።

ተመልሳ ተቀምጣ፣ በየጠረጴዛው እየዞረች ገዢ የምትመዘግበውን ልጅ ጠየቀቻት። «የኔ ልጅ፣ የዚህ ቦታ ካርታ ይታያል?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «እናቴ፣ ኢንጂነሩ ራሳቸው እዚህ ቆመው? ደግሞ ዛሬ ለሚመዘገብ ቅናሽ አለው፣ ነገ የለም።»

በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ደብሪቱን አያት። ጥሩወርቅ በጠረጴዛው ሥር ጭኗን ቆነጠጠቻት። «አታዋርጅኝ እንጂ፣ የሰው እየበላሽ» አለቻት በሹክሹክታ። ደብሪቱ አፈረች፣ ጉርሻዋንም እንደያዘች ዝም አለች። የእኛ ነገር እንዲህ ነው ወገኖቼ። የሰው እንጀራ አፋችን ውስጥ ከገባ በኋላ ምላሳችን የኛ አይደለም። ባለ ድግሱ በሬውን የጣለው አዝኖላችሁ ይመስላችኋል?

ጥሩወርቅ ያን ቀን ተመዘገበች። ደብሪቱ «ልጄን ላማክር» ብላ ወጣች።

ሁለት ሳምንት አልቆየችም። ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ብቻዋን ወደዚያ ቦታ ሄደች። ድንኳኑ የለም። ኤክስካቫተሩ የለም። አሸዋውም የለም፤ አሸዋውን እንኳን ጭነው ወስደውታል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገለባ ይከምራሉ።

«አባቴ፣ ፎቅ የሚሠራው እዚህ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው መንሻቸውን ተደግፈው አዩዋት። «የምን ፎቅ? ማሳው የኔ ነው። ድንኳን መትከያ ለአንድ ቀን ያከራዩን አሉኝ፣ አከራየሁ። ሠርግ መስሎኝ ነበር። ሙሽራዋ የታለች ብዬም ጠይቄያለሁ፣ ሳቁብኝ።»

«መሬቱን አልሸጡላቸውም? ካሳም አልተቀበሉም?»

«ለመንግሥት አመልክተናል፣ ይሰጠናል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለኔ የነገረኝም የከፈለኝም የለም። አንቺም ከሠርገኞቹ ነሽ?»

ደብሪቱ በመልሱ ጉዞ ሁሉ ከራሷ ጋር ትነጋገራለች። እነግራታለሁ፣ ገና ከመኪና እንደወረድኩ እነግራታለሁ ትላለች። ወረደች። በቀጥታ ወደ ጥሩወርቅ ግቢ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ደላላ አለ፣ ገዢ አለ፣ ግቢውን በሜትር እየለኩ ነው። ጥሩወርቅ እንደ ልጅ ደስ ብሏት ትንጎራደዳለች።

«የእድር ጸሐፊያችን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት ደብሪቱን ገና ስታያት። «አትሽጪ አለኝ። እኔ ሲያልፍልኝ ማየት አቃተው። እንግዲህ ምቀኛ አታሳጣኝ ነው።»

ደብሪቱ አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው።

ምን ፈራች? እሳት ነው የፈራችው? እስር ነው? አንዲት ቃል ፈራች። ምቀኛ የምትለዋን። እሷም ራሷን ማሳመን ጀመረች። ማን ያውቃል፣ ገበሬው ዋሽቶ እንደሆነስ? የተሳሳተ ማሳ ሄጄ እንደሆነስ? ኋላ ፎቁ ተሠርቶ እኔ ምን ልባል ነው? አያችሁ ይህን ጉድ? ተጠራጣሪ ሰው ዝም ማለት ሲያምረው እውነቱንም ይጠራጠራል።

«አንቺስ መቼ ነው የምትከፍይው?» አለቻት ጥሩወርቅ።

«ገንዘቤ አልሞላ አለኝ» አለች ደብሪቱ። ዋሸች።

ጥሩወርቅ ክንዷን ያዘቻት። «ለዚህ ነው ፊትሽ የጠቆረው? ቤቱ ሲሸጥ ትንሽ ይተርፈኛል፣ እኔ እሞላልሻለሁ። ጎረቤት ሆነን ኖረን ጎረቤት ሆነን እንሙት።»

ምእመናን፣ ደብሪቱ ያን ጊዜ እንኳን አልተናገረችም። አንገቷን ደፍታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች። ስለ ጥሩወርቅ ማልቀስ ቀላል ነበር፣ መናገሩ ነው የከበዳት።

ቤቱ ተሸጠ። ክፍያው ገባ። ጥሩወርቅ ልጇ ዘንድ፣ አንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ገባች። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት ሞላ። መጀመሪያ «ሲሚንቶ ጠፋ» አሉ፣ ቀጥሎ «ዶላር ጠፋ» አሉ፣ በመጨረሻ ራሳቸው ጠፉ። ስልኩ አይነሳም፣ ቢሮው ተቆልፏል። የከፈሉት ሰዎች ተሰባስበው ቢያንስ መሬቱን እንይ ብለው መኪና ተከራዩ። ጥሩወርቅ ብቻዋን መሄድ ፈራች፤ «አብረሽኝ ነይ» አለቻት ደብሪቱን። እንዴት እምቢ ትበል?

ደረሱ። ማሳው ማሳ ነው። ሽማግሌው ከቤታቸው ወጥተው ሰዉን አንድ በአንድ ያያሉ። ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ከሰው ኋላ ቆመች። ምን ይሆናል፣ ሽማግሌው ዓይናቸው ደህና ነበር።

«አንቺ ያኔ ብቻሽን መጥተሽ የጠየቅሽኝ አይደለሽም?» አሏት። «ነግሬሽ አልነበረም እንዴ? ምነው ለሰዎቹ ሳትነግሪያቸው?»

ጥሩወርቅ ቀስ ብላ ዞረች።

«መቼ ነው የመጣሽው?»

ደብሪቱ መሬት መሬት አየች። «ቤትሽን ሳትሸጪ» አለች። «ምቀኛ እንዳትይኝ ብዬ ነው።»

ጥሩወርቅ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ብትራገም ለደብሪቱ ይሻላት ነበር። «ኢንጂነሩ አያውቀኝም፤ የማያውቀውን ሰው ቢዘርፍ ሌባ ነው፣ ምን እላለሁ» አለች። «አንቺ ግን ጣሪያዬ የት ጋ እንደሚያፈስ ሁሉ ታውቂ ነበር።» ወደ መኪናው ገብታ ከሌላ ሴት አጠገብ ተቀመጠች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ቤት ለመግዛት የተመዘገባችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ልትመዘገቡ ያሰባችሁም አላችሁ። ቤት መመኘት ኃጢአት አይደለም። ግን ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። የግንባታ ፈቃዱን ካላያችሁ አትፈርሙ። በድግሱ ቀን ሳይሆን ማንም ሳይጠራችሁ ሄዳችሁ መሬቱን እዩ። ብራችሁ የት እንደሚገባ ጠይቁ፤ ለእናንተ ቤት ነው ወይስ ከእናንተ በፊት ከፍሎ ለሚጮኸው ሰው ማስታገሻ? ስትጠይቁ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል፣ ተነሡና ውጡ። እኔ ራሴ ባርኬው ቢሆን እንኳን ጠይቁ።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ደብሪቱ ይህን ሁሉ አድርጋለች። ጠየቀች፣ ሄደች፣ አየች፣ ገንዘቧን አዳነች። ብልህ ናት። ከመካከላችሁ ደብሪቱን «ምን አጠፋች፣ የራሷን ጠበቀች» የሚል አለ? ካለ፣ ጥሩወርቅ ፊት ቆሞ ይበለው።

ምቀኛ መባል ያማል። ግን ምቀኛ ስለተባለ ቤት አልባ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። ወዳጇ ዝም ስላለቻት ቤት አልባ የሆነችውን ግን ከነልጇ አውቃታለሁ።

ይህን ስናገር በልባችሁ የአንድ ሰው ስም መጥቷል። እህታችሁ ናት፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችሁ ነው፣ ጎረቤታችሁ ናት። አንድ ነገር ልትፈርም ነው፣ እናንተም አንድ ነገር ታውቃላችሁ። ይሉኝታ ይዟችሁ ነው እንጂ ታውቃላችሁ።

ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ወደዚያ ሰው ሂዱ። ትቆጣችኋለች፣ ምቀኛም ትላችኋለች፣ ምናልባት ለጊዜው ሰላምታም ትነሳችኋለች። ይሁን። እስክትሰማችሁ ድረስ ከበሯ አትነሱ።