የዘምዘም ልጆችና የወፍጮው ዳቦ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ አይደለም፣ ካቻምና ነው፣ ወንዝ ካልተሻገርን ዱቄት የማናገኝ ሰዎች ነበርን። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ምግባችን ንፍሮ ነው። የእህቴ የዘምዘም ዳሌ የተሰበረውም እህል ተሸክማ ስትሻገር ነው። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ወፍጮው ደጃችን ቆሟል፤ በፀሐይ ይፈጫል። ያመጡት ሦስቱ ልጆቿ ናቸው፣ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል።

በእኛ ቀበሌ አዲስ ነገር ሲገባ ዳቦ ይጋገራል፤ ነገሩም ዳቦውን በቆረሰው ሰው ስም ይጠራል። የማዶውን ወፍጮ ዳቦ የቆረሰው አራጋው ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ወፍጮው ግን እስከ ዛሬ የአራጋው ወፍጮ ይባላል።

ታላቋ ሐዋ አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች። ሥራዋ ደሃ አገር አየሩን ሳያበላሽ መብራት እንዲያገኝ ደንብ ማርቀቅ ነው። ደንቡ በፊት የእርዳታ ሶላር ለአምፖል ብቻ ነው ይል ነበር። እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ከስብሰባ ስብሰባ ስትከራከር ኖረች። በመጨረሻ የእናቷን ዳሌ ራጅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው።

«አምፖል ይህን ስብራት ያሳየናል፤ ወፍጮ ግን ያስቀረው ነበር» አለቻቸው። ደንቡ ተቀየረ፣ ወፍጮው መጣ።

መጣና አልዞር አለ። ሁለተኛው እንድሪስ ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አለቃው ፈቃድ ቢከለክለው ሥራውን ጥሎ በጭነት መኪና መጣ። የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳቀ። ለካ እኛ፣ ፀሐይ የሚቀበለው የሶላር ሰሌዳ አዲስ ዕቃ ነው፣ ፀሐይ እንዳያነጣው ብለን ጋቢ አልብሰነዋል።

«አክስቴ፣ ፀሐይ የሚበላውን ዕቃ ከፀሐይ ደበቃችሁት?»

«ጋቢው የእኔ ነው፤ ቀስ ብለህ አውርደው» አልኩት።

ጋቢው ተነሳ፤ ሞተሩ ግን አጉረምርሞ ይቆማል። እንድሪስ ዐሥራ አንድ ቀን ፈታ፣ ገጠመ። ከባዱን የወፍጮ ድንጋይ በቀላል ለወጠው። ዞረ።

ዞረና ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይተኛል። ፀሐዩን የሚከልልበት የይመር ባሕር ዛፍ ጥላ ነው። ታናሹ ይመር ገበሬ ነው፤ ያን ባሕር ዛፍ የተከለው የሰርጉን ቤት ሊሠራበት ነው። ገና ቀጭን ነበር፤ ቢቆረጥ ለማገዶ እንጂ ለቤት አይሆንም። ማንንም ሳያማክር መጥረቢያውን አነሳ። ሳይመሽ አንድም አላስቀረም።

እጮኛው ሰዓዳ መጣች። «ቤታችንን ቆረጥከው?»

«ዱቄት የሌለው ቤት ምን ያደርግልሻል?»

ሰርጉ ተራዘመ። ሰዓዳ አኮረፈች። በማግስቱ ግን እህሏን ይዛ ወፍጮው ደጅ ከሁሉ ቀድማ የተሰለፈች እሷ ነበረች።

የዚያን ቀን ወፍጮው ከጧት እስከ ማታ ፈጨ። ዘምዘም በምርኩዟ ቆማ ትኩሱን ዱቄት ዘግና፣ «ከእንግዲህ ያ ወንዝ ብቻውን ይሙላ» አለች። ሁላችንም ሳቅን፣ አለቀስንም።

ድፎው ተጋገረ። ቢላው ዘምዘም እጅ ነው።

«እኔ ባልከራከር የሚገጠምም ነገር አይኖርም ነበር» አለች ሐዋ።

«ደንብሽማ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ነበር» አላት እንድሪስ።

«ከምሳ በኋላስ ማን ሊፈጭላችሁ ነበር?» አለ ይመር።

ዘምዘም ሦስቱንም አየቻቸው። «ሦስታችሁም ከእኔ ወጣችሁ፤ ለወፍጮው የሚወጣው ስም ግን አንድ ነው» አለችና ቢላውን ወደ እኔ ዘረጋች። «አንቺ ፍረጂ።»

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው፣ ሰዉም ርቦታል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቢላው የሚገባው ለማን ነው?