በነጋዴ መንገድ ዳር የነበረው ክብ ቤት

፦ ተረት ተረት!
፦ የደርብ ቤት!

በድሮ ዘመን፣ በላስታ አገር፣ በነጋዴ መንገድ ዳር የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ የሠሩት ቤት ክብ ነበር፤ የድንጋይ፣ ባለ ደርብ። ከታች ከብት ያድራል፣ ከላይ ሰው ይተኛል። ወደ ላይ የሚወጣው በውጭ በኩል በድንጋይ ደረጃ ነው። ክዳኑም ሣር ነበር።

ወንድሟ አለልኝ ገና ጢም ሳያወጣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ጨው ሊያመጣ ወረደና በዚያው ቀረ። አባታቸውም «ልጄን» እንዳሉ አረፉ።

የሻረግ ብቻዋን ቀረች። ምን ታድርግ? ነጋዴ ባሳድር የወንድሜን ወሬ የሚነግረኝ አላጣም አለችና ቤቱን የእንግዳ ማደሪያ አደረገችው። የመጣውን ሁሉ ስለ አለልኝ ትጠይቅ ነበር። እንግዳው እየበዛ ሄደና ቤቱ ጠበበ። ከዚያም ግንበኛ ጠርታ ክቡን አስፈረሰች። በድንጋዩ ረጅም አዳራሽ አሠራች፤ ደረጃው ተነቅሎ የበቅሎ ጋጣ ተሠራበት። ሣሩ ወረደና ጣራው ጠፍጣፋ የአፈር ጣራ ሆነ። አገሩ አደነቀላት። ሥራው ሲበዛባት ግን መጠየቁን እየተወች መጣች።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን አንድ ሽበታም ሰው በቅሎ እየሳበ መጣ። ደጁ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ሲያይ ቆየና፦
«እሜቴ፣ እዚህ ላይ ክብ የደርብ ቤት አልነበረም?» አላት።
ምሳ የሚጠብቁ እንግዶች ነበሩባት። ፊቱን ልብ ብላ ሳታየው፦
«እሱማ ድሮ ፈርሷል፣ አባቴ» አለችው።
ሰውየው ሌላ አልጠየቀም። ውሃ ጠጣና በቅሎውን መልሶ ሄደ።

ሰንብቶ አንድ የጨው ነጋዴ መጣ። ሲጫወት ሳለ፣ ከወንዙ መሻገሪያ አንድ ሽበታም ሰው ሲያለቅስ አገኘሁ አለ። ምን ሆነህ ነው ብሎ ቢጠይቀው፦
«ያባቴ ቤት ፈርሷል። እኅቴንም ሞታለች ብለው እንዳይነግሩኝ ፈርቼ ሳልጠይቅ ተመለስሁ» አለው። «ስሙም አለልኝ ነው» አለ ነጋዴው።

የሻረግ ማማሰያውን ጥላ ወጣች። ወንዙን ተሻገረች። በየገበያው ጠየቀች። ሲያልፍ ያየው አለ፤ የገባበትን የሚያውቅ ግን የለም። ክረምት ገባና ወንዙ ሊሞላ ደረሰ። ከዚያም ተመለሰችና ከደጇ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፦
«ወንድሜ ቤቱ መጥቶ ነበር። የሸኘሁት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት የሚመጣ እንግዳ ውሃ ሳይቀዳለት ፊቱ ይታያል፤ የማን ልጅ ነህ ይባላል። መንገደኛው ይስቅባታል። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ጠየቀች። አለልኝም አልተመለሰም።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣
በእፍኛችሁ ቆሎ ዝገኑልኝ።