አንጓች በመቀነት የወረደችበት ገደል

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የአያቶቼ አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ ጉም አምባ በሚባል ገደላማ አገር፣ አንጓች የምትባል ድሃ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። የቀሯት ሁለት ሕፃናት ናቸው።

በዚያ ዘመን አንበጣ አዝመራውን በላው። ሰው ከብቱን አርዶ ጨረሰ። ቆዳውን ቀቅሎ በላ። ገመድ የሚሆነውንም ጠፍር ቀቅሎ በላ። የቀረው ተስፋ ገደሉ ወገብ ላይ የሚውለው የአጋዘን መንጋ ብቻ ነበር። መንጋው ከገደሉ በምታወጣው አንዲት ቀጭን መውጫ ወደ አዳኞቹ እንዲወጣ፣ አንድ ሰው ከላይ በጠፍር ወርዶ ከኋላው መንዳት አለበት። ጠፍሩ ደግሞ ተበልቷል።

አዳኞቹ ጦራቸውን ሲስሉ አንጓች መጣች። የአደን ሥጋ ወንድ ላልላከ ቤት አይደርስም ነበር።

«አያ ጓንጉል» አለችው አለቃቸውን፣ «ጠፍሩን እኔ ካመጣሁ ለልጆቼ ድርሻ ይኖራቸዋል?»

ወንዶቹ ሳቁ።

«ከየት ልታመጪው? ከሆዳችን?» አላት ጓንጉል። «አምጪና እንነጋገራለን።»

ቤቷ ገባች። የተዳረችበትን አልጋ ገለበጠች። ረሃብ አንጀቷን ሲያጥፈው እንኳ ያልነካችውን የአልጋ ጠፍር ፈታች፣ በውሃ ነከረች፣ ገመደች፣ ይዛ ሄደች።

«አጭር ነው» አሏት።

ተመለሰች። መቀነቷን ፈታች። ጎረቤቷን ለመነች፤ እሷም ፈታች። ከደጅ ደጅ ዞረች፤ ሴቶቹ ሁሉ ፈቱ። መቀነቱን ገመደች፣ ከጠፍሩ ጋር ቀጠለች፣ ይዛ ሄደች። ወንዶቹ ሰው የሚያህል ድንጋይ አንጠለጠሉበት። ቻለ።

ማን ይውረድ? ጓንጉል አንዱን አየው፤ አንዱ ሌላውን አየው።

«በሴት መቀነት ተንጠልጥሎ ሞተ ልባል?» አለ አንዱ።

«እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አለ ሌላው። ወዲያው የሁሉም ጉልበት ታመመ።

«እንግዲያው ያዙልኝ» አለች አንጓች። «እሱም ካቃታችሁ ንገሩኝ።»

ግማሾቹ ገመዱን ያዙ፤ ግማሾቹ ጦር ይዘው መውጫዋ ላይ ቆሙ። ወገቧ ላይ አሰረችና ወረደች። ንፋሱ ከዓለቱ ጋር አላተማት፤ ወረደች። እጇ ደማ፤ ወረደች። ከመንጋው ኋላ ቆማ እልል አለች። ተከትለዋት የመጡት ሴቶች ከላይ ተቀበሏት። ገደሉ በእልልታ ሲናጋ አጋዘኖቹ ደንብረው በመውጫዋ ወጡ፤ ጦሩ እዚያው ጠበቃቸው።

ስበው ሲያወጧት ጓንጉል ቢላዋውን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ድርሻሽን ራስሽ ቁረጪ፣ እመቤቴ» አላት።

ለልጆቿ ቆረጠች። አላቆመችም። ባል ለሞተባት ሁሉ፣ ጧሪ ለሌላት ሁሉ ቆረጠች። የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በጉም አምባ ለአደን ጦር ከመሳሉ በፊት አለቃው «ወንድ የሌለበት ቤት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ድርሻው አጋዘኑ ሳይገደል ይመደባል፤ ስሙም «የአንጓች» ነው። ወንዶቹ ሲያወሩት ጓንጉልን ያስቀድማሉ፤ ያስቀድሙ። ገደል አፍ ላይ ቆሞ የሚያመነታ ሲገኝ ግን ከሴቶቹ አንዷ «መቀነት ላምጣልህ እንዴ?» ትለዋለች።

ይወርዳል።