በራስ ውስጥ ያለችው በርጩማ

ተረት ተረት!
«የመሠረት!»
ምን ዓይነት ድምፅ ነው ይሄ? እራት ያልበላ ነው እንዴ የሚመልሰው? እንደገና። ተረት ተረት!
«የመሠረት!»
እንዲህ ነው እንጂ። አንቺ ከጥግ ያለሽው፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ስሚ። የዛሬው ተረት ለሚያንቀላፋ አይሆንም።

በድሮ ዘመን ደጊቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞተባትና ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ቀረች። ያላት ሀብት አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። ማሳዋ ሰፊ ናት፣ ከወንዙ ዳር የተንጣለለች፣ አፈሯ ጥቁር። የባሏ ታላቅ ወንድም ደግሞ ጓንጉል ይባላል። መሬት የጠገበ፣ ከብት የጠገበ፣ ዓይኑ ግን ያልጠገበ ሰው ነበር። ሙግት ያውቃል። ሽማግሌዎች ለዳኝነት ከሚቀመጡበት ሾላ ሥር ቆሞ ሲናገር እንኳን ሰው ወፉም ዝም ይላል።

ጤፉ ደረሰ። ጓንጉልም ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረበና እንዲህ አለ፦
«የወንድሜ ጤፍ ሰው አጥቶ ሊረግፍ ነው። ደጊቱ ማክሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሳጭዳ ከከመረች መሬቱ የእሷና የልጆቿ ይሁን። ካልቻለች ግን እኔ ልያዘው።»

ሽማግሌዎቹ ደጊቱን ጠየቋት። እሷም «እሺ» አለች። ምን ትበል? እምቢ ብትል «አልቻለችም» ሊሏት ነው። ደቦ እጠራለሁ ብላ ተማመነች። ደቦ ታውቁ የለም? ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ያበላል፣ ጠላ ያጠጣል። ያለ ጠላ ደቦ ያኔ ተሰምቶ አይታወቅም ነበር።

ጓንጉል ግን ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰኞ ዕለት የራሱን ደቦ ጠራ። ሰዉን ከንጋት እስከ ምሽት ሲያሳጭድ ዋለ። ከዚያም ጋን ሙሉ ጠላ አወጣና እስኪነጋጋ አጠጣቸው። «ጠጡ ወንድሞቼ፣ ጠጡ!» ይላል። ሰዉም «እንዴት ያለ ቸር ነው!» እያለ ጠጣ። አዬ ቸርነት! ይሄን ቸርነት ለጠላቴ!

ደጊቱ ገና ሲመሽ ይህን ሰማች። ወደ ጎረቤቷ ወደ እማማ ማንጠግቦሽ ሮጠች። እማማ ማንጠግቦሽ ከቆላ ተድረው የመጡ ባልቴት ናቸው። በዚያ መንደር ቡና የሚጠጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ጠዋት ቡናቸውን ካጡ ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው ያስሩና «ራሴን! ራሴን!» እያሉ ይውላሉ። ሰው አይቀርባቸውም። ምን ያስቃችኋል? የእናንተን ቤት የማላውቀው መሰላችሁ?

ደጊቱም እንዲህ አለች፦
«እማማ፣ አለቀልኝ። ነገ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ እንቅልፉን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ገብስ የለኝ፣ ጠላ አልጠመቅሁ። ልጆቼን ምን ላድርጋቸው?»

እማማም፦
«ባልሽ ለእኔ ብሎ ከጓሮ የተከለው ቡና የለም ወይ? ስሚኝ ልጄ። በሰው ራስ ውስጥ አንዲት በርጩማ አለች። ሰው ሲሠራ ውሎ ሲደክም እንቅልፍ ቀስ ብሎ ይመጣና እሷ ላይ ይቀመጣል። እሱ ከተቀመጠ ዓይን ተከደነ። ቡና ቀድሞት ይገባና በርጩማዋን ይይዝበታል። እንቅልፍም መቀመጫ አጥቶ ደጅ ይቆማል።»

«ታዲያ ሄደ ማለት ነው እማማ?»

«ወዴት ይሄዳል! ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። በቆመ ቁጥር ደግሞ ወንድሞቹን ይጠራል። ቡና እንግዳ ነው፣ መነሣቱ አይቀርም። የተነሣ ለት ሁሉም ባንድ ጊዜ ተጋፍተው ይገባሉ። ቡና ጉልበት ይሰጣል ብለሽ እንዳትታለዪ። ጉልበት የእህል ነው። ስለዚህ ቡናውን ትንሽ ትንሽ ስጫቸው። ንፍሮ አብያቸው፣ ውኃ አጠጫቸው። ፀሐይ አናት ካለፈች በኋላ ግን ጠብታ እንዳትሰጪ። ማታ እንቅልፍን በርጩማዋ ባዶ ሆና ትጠብቀው።»

ደጊቱ ቡናውን ቆላች፣ ወቀጠች፣ በትልቅ ማሰሮ አፈላች። ነጋ። ሰውም መጣ። ያን አመጣጥ ባያችሁ! አንዱ ቆሞ ያንቀላፋል። አንዱ ማጭዱን ቤቱ ረስቶ ባዶ እጁን መጥቷል። ጓንጉል ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል።

ደርሶ የሚባል ኃይለኛ አጫጅ ነበር። እሱ ካጨደ ሌላው ይከተላል፣ እሱ ከሄደ ሌላው ይበተናል። ማሰሮውን አየና አፍንጫውን ነፋ፦
«ጠላው የታለ?»
«ጠላ የለኝም፣ ቡና ነው ያለኝ» አለች ደጊቱ።
«ያለ ጠላ ደቦ? ይህማ ስድብ ነው!» አለና ዞረ።

ደጊቱ ከፊቱ ቆመች። እንዲህም አለች፦
«ወንድሜ ደርሶ፣ ስድብ ከሆነ ነገ መልሰህ ስደበኝ። ዛሬ ግን ይህ ማሳ ካልታጨደ ልጆቼ በሰው ደጅ ነው የሚያድጉት። አንዲት ቅል ጠጣልኝና ከዚያ ሂድ።»

ደርሶ አፈረ። ተቀበለና ጠጣ። መረረውና ፊቱን አጨማደደ። ጥቂት ቆየ። ከዚያም ዓይኑ በራ። ደረቱን ያዘና፦
«ኧረ ልቤ ከበሮ ሆነ! ማጭዴን አምጡልኝ!»

ከዚያማ ማን ይቁም? ሁሉም እየተቀበለ ጠጣና ማሳው ውስጥ ገባ። ደርሶ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። ማጭዱ ይፋጫል፣ ነዶው ይታሰራል። ንፍሮ ቀረበ፣ በሉ። ውኃ ቀረበ፣ ጠጡ። ረፋዱ ላይ አንድ አንድ ቅል ደገሙ። ፀሐይ አናት ስታልፍ ደርሶ ቅሉን ዘረጋና «ጨምሪልኝ» አላት። «አይሆንም፣ ንፍሮ ልጨምርልህ» አለችው። አጉረመረመ፣ ግን በላ። በላና አጨደ።

ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ስትነካ የመጨረሻዋ ነዶ ክምሩ አናት ላይ ወጣች። እልልታው ቀለጠ። ልጆቿ በክምሩ ዙሪያ ይሮጣሉ። ደጊቱ ሳቀች፣ ደግሞም አለቀሰች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር። ሰዉም ወደየቤቱ ገባ። እንቅልፍ በርጩማውን ባዶ አገኘና ደህና አድርጎ ተቀመጠ። መንደሩ ሁሉ እስኪነጋ አንኮራፋ።

አንድ ሰው ሲቀር። ሰዉ እንደተበተነ ጓንጉል ከጉብታው ወርዶ ወደ ደጊቱ መጣና ጮኸ፦
«ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው የተከመረው! ነገ ማለዳ ከሾላው ሥር እሟገትሻለሁ!»

ከዚያም ማሰሮውን አየ። ግማሽ ያህል ቡና ተርፏል። በልቡም «አንዲት ቅል ደርሶን እንዲህ ካደረገችው፣ ይህ ሁሉ እኔን ምን ያደርገኝ! ሌሊቱን ነገር ሳበጅ አድሬ ጠዋት አንደበቴ እሳት ይሆናል» አለ። ማሰሮውን አነሣ።

ደጊቱም፦ «አያ ጓንጉል፣ መሽቷል፣ አሁን አይጠጡት። ይጎዳዎታል።»
«ቋጣሪ!» አላትና ተሸክሞ ሄደ። ቤቱ ገብቶ እህል ሳይቀምስ ግጥም አድርጎ ጠጣው።

ማርም ሲበዛ ይመራል፣ እንኳን ቡና። ልቡ ጋለበ። ሽንቱ አላስቀምጥ ብሎት ደጅና ቤት ሲመላለስ አደረ። ውሻው እንኳ መጮህ ሰልችቶት ዝም አለ። ጓንጉል አንድ ነገር ያስባል፣ ሳይጨርስ ሌላ ያስባል፣ ከዚያ ሁለቱንም ይረሳል። እንቅልፍ ደግሞ ደጅ ቆሞ ወንድሞቹን ይጠራል።

ነጋ። ሰው ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ቢተው፦ «ጓንጉል፣ ተናገር» አሉት።

ተነሣ። ዓይኑ ቀልቷል። ንግግሩ ይሮጣል፣ ቃሉ ከቃል ይጋጫል። ፀሐይ ያለውን ጨረቃ ይለዋል፣ ጤፍ ያለውን ገብስ ይለዋል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያም «የእሷን እንስማ» ተባለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ደጊቱ ተነሥታ ነገሯን ባጭሩ ተናገረች። በዚህ መሐል በጓንጉል ራስ ውስጥ ቡና ከበርጩማው ተነሣ። «በቃኝ፣ ደህና ዋል» ብሎ ወጣ። በሩ ተከፈተ። እንቅልፍ ገባ። ወንድሞቹ ገቡ። የአጎቶቹ ልጆች ሳይቀሩ ገቡ።

አባ ቢተውም፦ «ጓንጉል፣ ለዚህ ምን ትመልሳለህ?»
«ኽርርር።»
«ጓንጉል!»
«ኽርርርርር።»
«ጓንጉል! ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠራህ!»
ጓንጉል ከድንጋዩ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ሙግቱን ተረታ። አባ ቢተው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና፦
«መሬቱ የደጊቱና የልጆቿ ነው!»

እልልታው አገሩን አናወጠው። ደርሶ ዘለለ። እማማ ማንጠግቦሽ ሻሻቸውን ፈትተው አውለበለቡት። ጓንጉል ግን ምንም አልሰማም። አንዳንዱ በውኃ ሊቀሰቅሰው ተነሣ። ደጊቱ ከለከለች። ነጠላዋን አወረደችና ዝንብ እንዳያስቸግረው ፊቱን ሸፈነችለት። እንዲህም አለች፦
«ተዉት ይተኛ። የእንቅልፍ ወንድሞች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ ሌሊቱን ቆመው ነው ያደሩት።»

ልጆቿን ግራና ቀኝ ያዘችና ወደ ማሳዋ ወረደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ደቦ ሲጠራ ቡና ከጠላ ጋር ይቀርባል። ፀሐይ አናት ካለፈች ግን ማሰሮው ይደፋል።

እንግዲህ ተረቴን እናንተ ዘንድ አኑሩ፣ እኔን ደግሞ አፌን በዳቦ አብሱኝ። ቆሎም ካለ አልጠላም። ማነው ቡና ላፍላልዎ ያለኝ? ተይ ልጄ፣ መሽቷል። በርጩማዬን ለባለቤቱ ልልቀቅለት።