ለዜሮ ሰዓት የተያዘ ድንኳን

ነገሩ የሆነው አንድ ቀን ነው፤ እሑድ ይመስለኛል፣ ቅዳሜም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ያየሁት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የሰማሁት፤ ስለዚህ ብሳሳት አትፍረዱብኝ። እድራችን ያለው ድንኳን አንድ ብቻ ነው። ጸሐፊያችን አቶ ዘርይሁን የኮምፒውተር ኮርስ ከወሰዱ ወዲህ ድንኳኑን የሚያድለው ኮምፒውተር ሆነ። ደንቡ አጭር ነው፦ ቶሎ የሚመልስ ቀድሞ ይወስዳል፤ እንዲህ ሲሆን በአንድ ድንኳን ብዙ አባል ይገለገላል።

ወርኃዊው ስብሰባ ላይ እያለን ጋሽ ደባልቄ በዝናብ በስብሰው ገቡ። የጎረቤታቸው የእትዬ ጥሩዓለም ባል ጠዋት ዐርፈዋል።

«ድንኳን ስጠን እንጂ! ለቀስተኛውን ደጅ ቆሞ ዝናብ ይደበድበዋል።»

«ለስንት ቀን?» አሉ አቶ ዘርይሁን።

«እንደ ወጉ ነዋ፤ ሦስት ቀን።»

ጸሐፊው ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረጉ። «አይሆንም፣ ጋሼ። ልደት አለ፣ አራት ሰዓት። ክርስትና አለ፣ ግማሽ ቀን። የሠርግ መልስ አለ፣ አንድ ቀን። እነዚህን ሳስቀድም ሦስት አባል አገለግላለሁ፤ ለለቅሶው ብሰጥ አንድ ብቻ። መትከሉ፣ መንቀሉና ማጓጓዙ ሲደመር ተራቸው ከአራት ቀን በኋላ ነው።»

«ከአራት ቀን በኋላማ ለቅሶው አልቆ የለም እንዴ?»

«እትዬ ጥሩዓለም ሐዘናቸውን ወደ ሁለት ሰዓት ቢያሳጥሩት ግን አሁኑኑ ይደርሳቸዋል።»

ጋሽ ደባልቄ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። «እኔስ አባል አይደለሁም?»

«ነዎት እንጂ።»

«እንግዲያው መዝግበኝ። ለዜሮ ሰዓት።»

«በዜሮ ሰዓት ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ሳልወስድ እመልሳለሁ። ከእኔ ቀድሞ የሚመልስ አለ?»

አቶ ዘርይሁን ደንብ አክባሪ ናቸው፤ መዘገቡ። ኮምፒውተሩ ጋሽ ደባልቄን አንደኛ አደረጋቸው። የሚገለገል አባል፦ አራት።

«አየህ? ድንኳኑ ከተጠቀለለበት ሳይነሣ አንድ ሰው አገለገልህ። አሁን እዚህ የተቀመጥነውን ሰባ ሦስታችንንም ለዜሮ ሰዓት መዝግበን፤ ሁላችንንም አገልግለን ስትጨርስ የተረፈውን ሦስት ቀን ለለቅሶው ስጥ!»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው የክርስትናው ባለቤት ነበር። «የእኔንም ዜሮ አድርገው፤ ሳሎን ተጠጋግተን እንበላለን።» የልደቱና የመልሱ ባለቤቶችም ተከተሉ። ድንኳኑ ከቀትር በፊት እትዬ ጥሩዓለም ደጅ ተተከለ።

መዝገቡን በኋላ ራሴ አይቼዋለሁ፦ «በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ ድንኳን ሰባ አራት አባላት ተገልግለዋል» ይላል፤ ከሥሩም ሊቀ መንበሩ «ይህ ትጋት ይቀጥል» ብለው ፈርመዋል።